ነብሯን ኖር የሚላት ሰው

በአራዊት ግቢው ውስጥ በስሙ የሚጠራው አንድም ሰው አልነበረም። የበሩ ዘበኛ አጋፋሪ ይለዋል፤ ጦጣዎቹን የምትመግበው ሴትዮ አጋፋሪ ትለዋለች፤ አለቆቹም ሲቆጡት ሳይቀር «ኧረ አጋፋሪ፣ ምን ነካህ?» ነው የሚሉት። ቢሉትስ ምን ይፈረድባቸዋል? ሰውየው ጠዋት ጠዋት ነብር እንደ ክቡር እንግዳ የሚቀበል ነው። ነብሯ ከሜዳዋ ወደ ማደሪያ ክፍሏ ብቅ ስትል፣ እሱ ከሚቀመጥበት ዱካ ብድግ ይልና ኮፍያውን አውልቆ «ኖር! ኖር የኔ እመቤት!» ይላታል። እሷም ትገባለች። «በእግዜር» አትልም እንጂ ሌላው ሁሉ የጨዋ ወግ ነበር።

ይኼ ኖር ማለት ግን ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሥራው ያለው እዚያ ላይ ነው። የነብሯ ቤት ሁለት ነው፤ ከላይም ከጎንም በሽቦ የታጠረ፣ ዛፍና የእንጨት ርብራብ ያለበት ሜዳ፣ ከጀርባው ደግሞ የሲሚንቶ ማደሪያ። በሁለቱ መካከል ከላይ ወደ ታች የሚወርድ የብረት መዝጊያ አለ፤ ጠባቂው ከኮሪደሩ ሆኖ በእጀታ ይለቀዋል። ሜዳውን ለመጥረግ ሰው መግባት አለበት፤ ሰው ከመግባቱ በፊት ደግሞ እሷ ማደሪያዋ ገብታ መዝጊያው ከኋላዋ መውረድ አለበት። እጀታውን የያዘው ሰው ግን ውስጡን አያይም፣ ግድግዳ ይጋርደዋል። ስለዚህ ሁለተኛ ሰው ትንሿ መስኮት ጋ ይቆምና፣ መዝጊያው ከወረደ በኋላ ነብሯን በዓይኑ አይቶ «አየኋት!» ይላል። ይኼ ቃል ሳይሰማ የሜዳው በር አይከፈትም። በቃ፣ ሕጉ ይኼው ነው። አጋፋሪ ዘመኑን ሁሉ የኖረው እዚያች መስኮት ሥር ነው፤ ጠሪውም እሱ፣ አየኋት ባዩም እሱ።

ነብሯ ወደ ግቢው ስትመጣ ገና ኮረዳ ነበረች። አንድ ባለጸጋ ለጌጥ ብሎ ጋራዡ ውስጥ በሰንሰለት አስሮ አሳድጓት፣ ስታድግበት ጊዜ ጭንቅ ይዞት፣ ጎረቤት ጠቁሞ ተወረሰች። ሰንሰለቱ አንገቷን በልቶ ገብቶ ነበር። አጋፋሪ ያንን ቁስል ያየ ቀን ምሳ አልበላም። «እኛ ሰዎች ግን ምን ዓይነት ፍጥረት ነን?» እያለ ነው የዋለው። ኖር ማለት የጀመረውም ያኔ ነው። ከዚያ ሁሉ በደል በኋላ ቢያንስ አንድ ሰው ከመቀመጫው ተነስቶ ይቀበላት ብሎ አሰበ።

አንዲት ልጅ አለችው፣ ባለትዳር። ይኼን ሁሉ ታሪክ ታውቃለች፤ ግን አትለቀውም።

«አባዬ፣ ታዲያ ለምን ጫካ አትለቋትም?»

«አደን አታውቅም። ሰው ደግሞ አትፈራም። ብንለቃት መጀመሪያ የምትሄደው ሰው ቤት ነው፤ ከዚያ ወይ ትገድላለች ወይ ይገድሏታል።»

«እንግዲያው እስር ቤት ነዋ!»

«ነው እንጂ። አይደለም ብዬሽ አውቃለሁ?»

«እና አንተ እዚያ ምንድነህ?»

«አጋፋሪ» ይላታል፤ ይሳሳቃሉ። የእሱ ሳቅ ግን ቶሎ ነው የሚያልቅበት። ብቻውን ሲሆን ነገሩን እያገላበጠ ያየዋል። መልቀቋ ክፉ፣ መግደሏ ክፉ፣ ማሰሯም ክፉ። ከክፉዎቹ የቀለለውን መርጠው ይዘዋታል፤ የያዙበት እጅ ንጹሕ ነው ብሎ ግን አንድ ቀን አስቦ አያውቅም።

እንግዲህ ሰው ነውና እያደር ልቡ አበጠ። ነብሯ የምትገባው ለእሱ ድምፅ ብቻ ሆነ። ሌሎቹ ጠባቂዎች ምን ያልሞከሩት አለ? የበሬ ጭን ያሳዩአታል፣ ያፏጩላታል፣ ይለማመጧታል፤ እሷ ርብራቡ ላይ ተጋድማ ታዛጋባቸዋለች። ከዚያ አጋፋሪ ይመጣና ጉሮሮውን ጠራርጎ «ኖር!» ሲል ተነስታ ዱብ! ባልደረቦቹ አፋቸውን ይዘው ይቀራሉ፣ እሱ ደረቱን ነፍቶ ይውላል። የግቢው ሐኪም፣ በዕድሜ ልጁ የምትሆን ወጣት፣ ይኼ ነገር አላማራትም።

«ጋሼ፣ ይኼ ጥሩ አይደለም» አለችው አንድ ቀን። «እርስዎ ቢታመሙስ? አውሬ በአንድ ሰው አፍ ላይ ከተንጠለጠለ ለሁላችንም አደጋ ነው። ደወል እናስለምዳት፤ ማንም ሊደውለው የሚችል።»

«ደወል ለትምህርት ቤት ነው፣ ዶክተር። እኔና እሷ እንተዋወቃለን።»

«እርስዎ ያውቋታል። እሷ እርስዎን ማወቋን ግን እኔ እንጃ።»

በሆዱ «ይቺ ልጅ ከመጽሐፍ ሌላ ምን አይታለች?» አለ፤ አፍ አውጥቶ ግን አልተናገራትም። ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ አለፈው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ልጅቱ ልክ ነበረች፤ እሱም ልክ መሆኗን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ደወሉን ማንም ሊደውለው መቻሉ ነው ያስጠላው።

ከዚያ ጉሮሮው ላይ እባጭ ወጣ። መጀመሪያ ጉንፋን ነው ተባለ፣ ቀጥሎ ከመጮህ ብዛት ነው ተባለ፣ በኋላ ነገሩ ሲመረመር ቀዶ ሕክምና የግድ ሆነ። ከአልጋው ሲነሳ እባጩም የለም፣ ድምፁም የለም። የቀረለት ደረቅ ቅጠል የሚንኮሻኮሽ የሚመስል ሹክሹክታ ነው። «ነፍስዎ ተርፋለች፤ ድምፁን ይርሱት» አሉት ሐኪሞቹ። ልጁ እግዚአብሔር ይመስገን ብላ አለቀሰች። እሱም ራሱን ነቀነቀ፤ ልቡ ግን ነብሯ ጋ ነበር።

ሥራ የተመለሰ ዕለት እጀታውን የያዘው አማቹ ነው፤ የልጁ ባል። እዚያው ግቢ ያስገባው፣ ሥራውንም ያስተማረው አጋፋሪ ራሱ ነው። ሽማግሌው ከዱካው ተነሳ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ አፉን ከፈተ። የወጣው ትንፋሽ ነው። ነብሯ ጆሮዋን እንኳ አላቆመችም። ደገመው፣ ደጋገመው። ሆድ ባሰውና ዱካው ላይ ዘጭ አለ፤ እንባውን መቆጣጠር አቃተው። አማቹ ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ «ጋሼ፣ ገባች እንዴ?» ይላል። ምን ብሎ ይመልስለት?

ከዚያ በኋላ ሥጋዋን በአጥሩ ቀዳዳ ያቀብሏት ጀመር፤ ሜዳው ግን ሰው ሳይገባበት ሰነበተ። የውሃ ገንዳው አረንጓዴ ሆነ፣ የተጋጠውን አጥንት ዝንብ ወረሰው፣ ከርብራቡ አንዱ እንጨት ተሰብሮ ሚስማሩ አገጠጠ። ሐኪሟ ደወሏን ይዛ መጣች። ትደውልና ሥጋ ታቀብላለች፣ ደግሞ ትደውልና ሥጋ ታቀብላለች። «ሳምንታት ይፈጃል፤ ግን ትለምዳለች» አለች። አጋፋሪ ከሩቅ ቆሞ ያያል። ቅናት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ነገ ተነገ ወዲያ ማንም ተራ ሰው ደወል አንጠልጥሎ መጥቶ ሊያስገባት ነው!

መላውን ያመጣው አማቹ ነው። «ጋሼ፣ ድምፅዎ እኮ እኔ ጋ አለ!» አለና ስልኩን አወጣ። የአጋፋሪ ልጅ አንድ ጊዜ ልትጠይቃቸው መጥታ ለጨዋታ ብላ የቀረጸችው ነው። «ኖር! ኖር የኔ እመቤት!» አለ ስልኩ፣ በዚያ በድሮው ወፍራም ድምፅ። አጋፋሪ ክው ብሎ ቀረ። የሞተ ወንድሙ በር ያንኳኳ ያህል ነው ደስ ያለው። ለካስ አልሞትኩም! አማቹን አንገቱን አቅፎ ሳመው። ለሐኪሟ አልነገሯትም። በማግስቱ ስብሰባ ላይ ናት፤ ደግሞስ ብትሰማ እንቢ እንደምትል ሁለቱም ልባቸው ያውቃል።

ልጅየዋ ግን እራት ላይ ሰማች። ማንኪያዋን አስቀምጣ አባቷን ዓይን ዓይኑን አየችው።

«አባዬ፣ መስኮቱ ጋ ማነው የሚቆመው?»

እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፤ እኔ ማለቱ ነው።

«አየኋት የሚለውን በምን ልትለው ነው ታዲያ?»

«በቁልፍ የመስኮቱን ብረት ሁለቴ ኳ ኳ ያደርጋሉ» አለ ባሏ። «ተስማምተናል።»

«በዓይንህ ሳታያት አታንኳኳም፣ አባዬ?»

ራሱን ነቀነቀ።

«ማልልኝ።»

«ኧረ አንቺ ደግሞ! አባትሽን ነው የምታስምዪው?» ሳቀ ባሏ።

«አንተ ዝም በል፤ የምትገባው አንተ ነህ።»

አጋፋሪ መዳፉን ራሷ ላይ ጫነና «አንቺን ይንሳኝ» አለ። ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ እሷ ግን ሰማችው።

ጠዋት ግቢው ለጎብኚ ከመከፈቱ በፊት ቦታ ቦታቸውን ያዙ። አማቹ እጀታው ጋ፣ አጋፋሪ መስኮቱ ጋ፣ ስልኩ በኮሪደሩ ግድግዳ ካለችው መደርደሪያ ላይ። ሥጋው ማደሪያው ውስጥ ሳህኑ ላይ ተቀምጧል። አማቹ ስልኩን ነካ አደረገው። «ኖር! ኖር የኔ እመቤት!»

ወይ ጉድ! ነብሯ ተነሳች። ከርብራቡ ዱብ ብላ ወደ ደጃፉ መጣች፤ ጭንቅላቷን አስገባች፣ ከዚያ ትከሻዋን። እንደ ወትሮው ሰውየውን በዓይኗ ፈለገችው፣ አገኘችውም። ኮፍያውን አውልቆ፣ አፉን ዘግቶ ቆሟል። ድምፁ ደግሞ በሌላ በኩል ነው የሚመጣው። ቀጥ ብላ አየችው። አጋፋሪ እንደዚያ ጊዜ በዕድሜው አፍሮ አያውቅም። በዚህ ሁሉ ዘመን ጠርቷት አታሏት አያውቅም፤ አሁን ግን እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሌባ መሰለ። ዓይኗን መቋቋም አቅቶት ፊቱን አዞረ። ሳህኑ ኳ ሲል ሰማ። መዝጊያው ገው ብሎ ሲወርድ ሰማ። «ጋሼ?» አለ አማቹ። አጋፋሪ ፊቱን እንዳዞረ፣ በያዘው ቁልፍ ብረቱን ኳ ኳ አደረገና በኮሪደሩ የኋላ በር ወጣ። አየር ነበር የፈለገው።

በጎብኚዎቹ መንገድ ዞሮ፣ አጥሩ ጥግ ደርሶ፣ የብረት መደገፊያውን ይዞ ቆመ። ትንሽ ተንፍሶ ቀና ሲል ጅራት አየ። ከዛፉ ቅጠል ወዲያ፣ ከርብራቡ ላይ የተንጠለጠለ፣ ጫፉ ብቻ ወዲያና ወዲህ የሚል ጅራት። ነብሯ ሳህኑን በእግሯ ብታንኳኳውም ነገሩ ሳይጥማት ቀርቶ፣ መዝጊያው ሳይወርድ ተመልሳ ወጥታ ኖሯል። የተዘጋው ባዶ ክፍል ነው። ከርብራቡ ሥር ደግሞ አማቹ ባልዲና መጥረጊያ ይዞ ገብቷል፤ ኳ ኳውን አምኖ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ገንዳውን ሊደፋ ጎንበስ እያለ ነው።

«ውጣ!» አለ አጋፋሪ። ትንፋሽ። «ውጣ ልጄ!» አሁንም ትንፋሽ። ነፍሱ ከሥጋው የተላቀቀች መሰለው። ያ ግቢውን የሚያናውጥ ድምፅ የት አባቱ ገባ! ድንጋይ ይወርውር? ብረት ይደብድብ? በድንገት ካስደነገጣት ዘላ የምትወርደው ከሥሯ ያለው ሰው ላይ ነው። አማቹም ደንግጦ ቢሮጥ አለቀለት።

ለአዲስ ጠባቂ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የሚያስተምረው ነገር አለ። ነብር ፊት ጀርባ አይሰጥም፣ ዝቅ አይባልም። ጀርባውን የሰጠና ያነሰ ፍጥረት ለእሷ እንግዳ መሆኑ ይቀርና ምሳ ይሆናል። አጋፋሪ መደገፊያውን ተሻገረ፤ ሽቦው ሥር ደርሶ ጀርባውን አዞረና ቁጢጥ አለ። ከዚያ እንደ ታመመ ፍየል እያነከሰ ተንፏቀቀ።

ምንም አልሰማም። ነብር ስትመጣ አትሰማም። ብቻ አጥሩ በሙሉ ጀርባው ላይ የወደቀ መሰለው። ጥፍሮቿ በሽቦው ቀዳዳ አልፈው ኮቱን፣ ከኮቱ ሥር ደግሞ ሥጋውን ያዙት። ሲያገሳ የኖረው ጉሮሮዋ ጆሮው ሥር ነው። አማቹ ቀና አለ፤ ቆሌው ተገፈፈ፤ ግን የተማረውን አልረሳም። አልሮጠም። ፊቱን ወደ እሷ አድርጎ፣ መጥረጊያውን ከፊቱ ይዞ፣ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያለ በሩን ወጣና ቆለፈው። አጋፋሪ ጓጉንቸሩ ሲዘጋ ሲሰማ ነው ኮቱን ጥሎላት በፊቱ የተደፋው።

ጀርባው ተሰፋ። የሕክምና ክፍሉ በሰው ተሞላ። «ጀግና ነህ» ይሉታል፤ አማቹ እግሩን ካልሳምኩ ይላል፤ ልጁ እጁን ይዛ ታለቅሳለች። ከግቢው ቢሮ የመጡ ሰዎች ደግሞ በሩ ላይ ቆመው ይማከራሉ። አንዱ መዝጊያው ነው የተበላሸው ይላል። ሌላው የሰው ደም የቀመሰች ነብር ምን ታደርግልናለች፣ በመርፌ ትሙት ይላል። አጋፋሪ ይኼን ሰማ። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም፤ ጀግና እንደተባለ ይኖራል፣ እሷ ትሞታለች፣ ነገሩም ይዘጋል። ሐኪሟን በእጁ ጠራት። ልጁም ጎንበስ አለች።

«መዝጊያው ደህና ነው» አለ በትንፋሹ። «እሷም ነብር ነች፣ ሥራዋን ነው የሠራችው። እኔ ነኝ። ሳላያት ነው ያንኳኳሁት።»

ልጁ እጁን ቀስ ብላ ለቀቀችው።

«አንቺን ይንሳኝ ብለህ ነበር» አለች።

ይኼ ቃል ከጥፍሩ ይልቅ ጠለቀ። ልጅየዋ ወጥታ ሄደች። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። ሐኪሟ የቢሮ ሰዎቹን ይዛ ኮሪደር ላይ ስትከራከር፣ ቀስ በቀስም ድምፃቸው ሲበርድ ይሰማል። ተመልሳ መጥታ «ነብሯ አትሞትም» አለችው። ቁስሉን ስታይለት አንድ ነገር አላስቻለውም።

«ዶክተር፣ አውቃኝ ይሆን?»

«ጀርባዎን ነው ያየችው፣ ጋሼ። ጀርባ የማንም ነው።»

ይኼን ነገር ብዙ አሰበበት። ያ ሁሉ ዘመን ኖር ሲል ያከበራት መስሎት ነበር፤ አክብሯትም ይሆናል። ግን ማክበር ማለት ነብርነቷን አለመርሳት ነበር። እሷ አንድ ቀን ረስታው አታውቅም፤ የረሳው እሱ ነው፤ የረሳውም እሱን ከሰው ሁሉ ለይታ የምትወደው መስሎት ነው።

ልጁ በማግስቱ መጣች። ልብሱን አለባበሰችው፣ ጫማውን አሰረችለት፣ ቀና ብላም ሳታየው «እኔን አልነሳህም» አለች። «ልጅህ ነኝ፣ የት እሄዳለሁ። ግን ሁለተኛ እዚያች መስኮት ጋ አትቆምም።» ራሱን ነቀነቀ። በዚህኛው ጊዜ ማልልኝ አላለችውም።

ነብሯ ደወሉን ለመደች። ሐኪሟ እንዳለችው ሳምንታት ፈጀ፤ በእነዚያ ሳምንታት አጋፋሪ በነብሯ ቤት በኩል እንዳያልፍ ተነገረው። ሲያልፍ ካየችው ደወሉን ትታ እሱን ትጠብቃለችና። በኮሪደሩ የሚሆነውን ከሩቅ በመስማት ብቻ ማወቅ ተማረ። አሁን ጡረታ ወጥቷል። አንዳንድ ጠዋት ይመጣና ከማደሪያዋ ግንብ ጀርባ ባለችው አግዳሚ ወንበር፣ ከማትታይበት በኩል ይቀመጣል። ዘበኛው «አጋፋሪ፣ ዛሬም?» ይለዋል። እሱ እጁን ያነሳለታል።

ደወሉ ይደወላል። የሚደውለው አንድ ቀን አማቹ ነው፣ አንድ ቀን የጦጣዎቹ ሴትዮ፣ አንድ ቀን ገና ስሙን የማያውቀው ሰው። ደወሉን እንደሰማ ሽማግሌው ከወንበሩ ብድግ ይላል፣ ኮፍያውን ያወልቃል፣ ከንፈሩም «ኖር» ይላል። ከግንቡ ወዲያ መዝጊያው ገው ብሎ ይወርዳል። እሱ ኮፍያውን እንደያዘ ቆሞ ይጠብቃል። ከውስጥ አንድ ሰው በሙሉ ድምፁ «አየኋት!» እስኪል ድረስ አይቀመጥም።